ምንም አይሸትም

«ሥራሽ ምንድን ነው?» ሲሉኝ «ላብራቶሪ» ብዬ አልፋለሁ። ደም የምቀዳ ይመስላቸዋል፤ ይምሰላቸው። ዝርዝሩን ብነግራቸው የጎረሱት አይወርድላቸውም። ቀዶ ሐኪም ከሰው ሆድ፣ ከጡት፣ ከአንገት ቆርጦ ያወጣውን ሁሉ በፕላስቲክ ባልዲ ተቀብዬ እለካለሁ፣ እከፍታለሁ፣ የታመመውን ቦታ ፈልጌ በስሱ እቆርጣለሁ፤ ፓቶሎጂስቱ በማይክሮስኮፕ የሚያየው እኔ የቆረጥኩለትን ነው። ለዚህ ሥራ እዚሁ እንግሊዝ አገር በዲግሪዬ ላይ ሌላ የድኅረ ምረቃ ሥልጠና ወስጃለሁ። የማወራው ስለ ሥልጠናው የመጀመሪያ ዓመት ነው፤ ስለዚያ ሽታ።

እጸየፍ ነበር። ሌሎቹ ሠልጣኞች «ይለመዳል» ሲሉ እኔ አልለመድኩትም፣ መልመድም አልፈለግኩም። ሥጋው እንዳይበሰብስ የሚዘፈዘፍበት ፎርማሊን ገና በሩን ስከፍት ይቀበለኛል፤ አፍንጫ ሲመታ ዓይን ያለቅሳል የሚባለውን በቁሙ ያየሁት እዚያ ነው። ከሁሉ የከፋው ግን ትልቁ አንጀት ነበር። ከኦፕራሲዮን ክፍል ትኩሱን ይመጣል። በመቀስ ከዳር እስከ ዳር ሰንጥቄ የያዘውን ነገር ቧንቧ ሥር አጥባለሁ። ሞራው ያሟልጫል። ሁለት ጓንት ደርቤ፣ ማስክ አድርጌ፣ በአፌ እየተነፈስኩ እንኳ ያ ሽታ ምላሴ ላይ ይቀመጣል። ፊንስበሪ ፓርክ ቤቴ ደርሼ፣ ታጥቤ፣ ልብሴን ቀይሬ ሳበቃ ከፀጉሬ ውስጥ ይወጣል።

ይባስ ብለው እንግሊዞቹ ይህን ሁሉ በምግብ ስም ይጠሩታል። ደም የቋጠረ ጉበት እንደ ቅመሙ «ገውዝ» ነው፤ እንቁላል ማፍሪያ ላይ አሮጌ ደም ይዞ ያበጠ ከረጢት «ቸኮሌት» ነው። ይህን ብለው ሲያበቁ እጃቸውን ታጥበው የቱና ሳንድዊች ይገምጣሉ። ሰው በዚህ ላይ እንዴት ይርበዋል? ያን ዓመት ቸኮሌት በአፌ አልዞረም።

አሠልጣኛችን ጡረታ ልትወጣ የተቃረበች ቀጭን እንግሊዛዊት ነበረች። ስንሠራ ያየነውን በድምፅ እንቀዳለን፤ ርዝመቱን፣ ቀለሙን፣ ቀዳዳ ካለው ቀዳዳውን። የኔን ስትሰማ ፊቷ ይኮሳተራል። እኔ እንዳደግኩት፣ በይሉኝታ ነበር የማወራው። «ትንሽ ቀላ ያለ ነገር አለ፤ ያን ያህልም አይደለም» እላለሁ፤ ፊት ለፊቴ የተጋደመው ደግሞ በዕጢ የተደፈነ አንጀት ነው። አንድ ቀን ቀረጻውን አቋረጠችና «ለማን ብለሽ ነው የምታለሳልሺው?» አለችኝ። «አንጀቱ አይቀየምሽም። ያየሽውን ተናገሪ፤ የሸተተሽንም ጭምር።» እንዲህ መናገር እስክችል ብቻዬን ቢላዋ እንደማልይዝም ነገረችኝ። ተናደድኩባት። ይሉኝታ የማያውቅ ሕዝብ ብዬ በሆዴ ሰደብኳት።

በዚያው ዓመት፣ በብርዱ ወራት፣ አክስቴ ቤት ዘግተው ተቀምጠው ነበር። አክስቴ የእናቴ ታላቅ ናቸው፤ በስደት ቀድመው መጥተው እኔን ያመጡኝ፣ ዊልስደን ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው። በካንሰር ምክንያት ከትልቁ አንጀታቸው የታመመው ተቆርጦ ሲወጣ፣ የቀረው ጫፍ በሆዳቸው ቆዳ ላይ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ዓይነ ምድራቸው የሚወርደው ሆዳቸው ላይ በሚለጠፍ ከረጢት ውስጥ ነው። ካንሰሩ ወጣላቸው፤ ሐኪሞቹም ደስ አላቸው። እሳቸው ግን ወደ ኪልበርን በሚሄደው አውቶቡስ ላይ አንዲት ልጅ ከአጠገባቸው ተነሥታ ሌላ ወንበር ስትይዝ አዩ፤ በቃ፣ ከቤት የወጡበት መጨረሻ ያ ሆነ። ገበያ ቀረ፣ ማኅበር ቀረ፣ ቤተ ክርስቲያን ቀረ። ኪዳን እንኳ አምልጧቸው የማያውቅ ሴት ቅዳሴን ሶፋ ላይ ሆነው በስልክ መስማት ጀመሩ። «እሸታለሁ» ይላሉ፣ ሌላ ምክንያት የላቸውም።

የማኅበር ጓደኞቻቸው ሊጠይቋቸው ይመጣሉ። «ኧረ ምንም አይሸትም! ማን ነው እንዲህ ያለዎት?» ይላሉ ባንድ አፍ። ወዲያው አንዷ ትነሣና «ቤቱ ሞቀሳ» ብላ መስኮት ትከፍታለች፤ በየካቲት፣ ካፖርቷን ሳታወልቅ! አክስቴ መስኮቱን ያያሉ፣ ሴቶቹን ያያሉ። እንግዶቹ ሲወጡ አክስቴ ቤቱ ውስጥ ላቬንደር የሚሸት ስፕሬይ ይረጫሉ፤ ሽታው ከላቬንደሩ ጋር ተጋብቶ የባሰ ይወልዳል። እነዚያን ሴቶች ከአንጀቱ ይልቅ ተጸየፍኳቸው። እኔም ግን እሳቸው ሲጠይቁኝ «ምንም የለም» ባይ ነበርኩ። ራሳቸው አክስቴም ከረጢቱን የምትከታተለው ነርስ ስትደውል «ኦል ፋይን፣ ጎድ ብለስ ዩ» ብለው ይዘጉታል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» እያሉ ያሳደጉኝ እኚሁ ሴት ናቸው።

አንድ ዓርብ አንጀት ስከፍት ውዬ ከሥራ በቀጥታ ሄድኩ። ምስር ወጥ ሠርተው ጠበቁኝ። «ጠቁረሻል፤ አትበዪም እንዴ?» አሉና ጠቅልለው ሊያጎርሱኝ ጎንበስ አሉ። ጎንበስ ሲሉ ሽታው መጣ። የማውቀው ሽታ ነው፤ ቧንቧ ሥር ሳጥበው የዋልኩት። ሳላስበው ፊቴ ዞረ። ጉርሻው አየር ላይ ቀረ።

«ተጸየፍሽኝ?» አሉ።

«ኧረ በፍጹም፣ እትዬ» ልል አፌን ከፈትኩ። መስኮት ከፋቾቹ ትዝ አሉኝና ቃሉ አፌ ውስጥ ገማኝ።

«ይሸታል፣ እትዬ» አልኳቸው። «በደንብ ይሸታል። ከገባሁ ጀምሮ ሸቶኛል።»

ጉርሻውን ሳህኑ ላይ መለሱት። የሚያለቅሱ መሰለኝ። እጃቸውን ጠርገው ቀስ ብለው ተቀመጡና «ተመስገን» አሉ። «እኔ እኮ አእምሮዬን የሳትኩ መስሎኝ ነበር! ሁሉም አይሸትም ይለኛል፣ እኔን ይሸተኛል። አፍንጫዬ ነው ጭንቅላቴ የተበላሸው እያልኩ ራሴን ሳሸት እውላለሁ።»

«አፍንጫዎ ደህና ነው። እስኪ ያሳዩኝ።»

እምቢ አሉ። ገላዬን አጥበው ያሳደጉኝ ሴት ሆዳቸውን ለኔ መግለጥ አፈሩ። «ሙሉ ቀን የማላውቀውን ሰው አንጀት ሳገላብጥ ውዬ የርስዎን ቢከለክሉኝ አያስቅም?» ብዬ ጮህኩባቸው። ሳቅ አመለጣቸውና ገለጡት።

ከረጢቱ ሥር ቆዳቸው ተልጦ፣ እሳት እንደነካው ቀልቷል። አላለሳልሰውም፤ ዓይነ ምድር ከሚለጠፈው ሥር እየሾለከ ሥጋቸውን ሲበላ ከርሟል። መታጠቢያ ቤት ሮጬ አስመለስኩ፣ አፌን ተጉመጥምጬ ተመለስኩ፤ እሳቸው እንደ ገለጡ ጠበቁኝ። ከዚያ እንደ ሥራ ቦታዬ አየሁት። ከረጢቱ ላይ የሚቆረጠው ቀዳዳ ከአንጀቱ አፍ ይሰፋል። አክስቴ እስካሁን በመቀስ የሚቆርጡት ከኦፕራሲዮኑ ማግሥት፣ አንጀቱ አብጦ ሳለ፣ ነርሷ በለካችው ልክ ነው። እብጠቱ ሟሽሾ አንጀቱ ከጠበበ ግን ቆይቷል። ጥፍር በማታህል ክፍተት ሰው ከሰው ተራ ወጥቶ ከረመ! ተናደድኩ፤ በማን እንደሆነ አላውቅም።

ሰኞ ለነርሷ ራሴ ደወልኩ። «ይፈሳል፣ ይሸታል፣ ቆዳቸው ተልጧል፣ ቀዳዳው ሰፍቷል» አልኳት፣ አንድም «ትንሽ» ሳልጨምር። በዚያው ሳምንት አፖይንትመንት ሰጠቻቸው፤ ለካች፣ ቀዳዳውን አጠበበች፣ ለቆዳው የሚነሰነስ ዱቄት ሰጠቻቸው። እኔ ዛሬም አንጀት ስከፍት እጸየፋለሁ። ከዚያ ሰኞ ወዲህ ግን አሠልጣኜ ጡረታ እስክትወጣ ቀረጻዬን አላቋረጠችውም።

ቆዳቸው ከዳነ በኋላ አንድ እሑድ ጠዋት የማኅበር ጓደኞቻቸው በመኪና ሊወስዷቸው መጡ። አክስቴ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ እኔን ከኋላቸው አስከትለው በሩ ላይ ቆሙ፤ አንድ እግራቸው ውጪ፣ አንድ እግራቸው ቤት።

«እሸታለሁ?» ብለው ጠየቁ።

ሴቶቹ ተሽቀዳደሙ። «ኧረ እትዬ፣ ምንም! ምንም አይሸትም!»

«እናንተን አልጠየቅኩም» አሉና ነጠላቸውን ከሆዳቸው ላይ ገለጥ አድርገው ወደ እኔ ዞሩ። «ነይ ልጄ፣ አንቺ አሽትቺኝ።»