አይጥ የምታሰክረው አክስቴ

የአክስቴ ሥራ አይጥ ማስከር ነው። ቀልድ አይደለም፤ ደመወዝ ይከፈላታል። የአልኮል ሱስ አጥኚዎች ማኅበር በሚያስተዳድረው ቤተ ሙከራ ውስጥ ነጭ ጋዋኗን ለብሳ በእያንዳንዱ የሽቦ ሣጥን ላይ ሁለት ጠርሙስ ትሰቅላለች። አንዱ ንጹሕ ውሃ ነው፤ ሌላው አልኮል አለበት። ከዚያ የትኛው አይጥ የትኛውን ጠርሙስ እንደሚያዘወትር ትከታተላለች። በፊት ሊያገባት ቆርጦ የመጣ ሰው ሥራዋን ሲሰማ እግሬ አውጭኝ ብሏል። እሷም፣ ይሄስ አይጦቼን ቢያይ ይሞት ነበር ብላ ረሳችው።

አይጦቹን የምታናግራቸው በአክብሮት ነው። ውሃውን ዞር ብሎ የማያየውን አንድ ሽማግሌ አይጥ "አንቱ ደግሞ ዛሬም በጠዋቱ ጀመሩ?" ትለዋለች። አባቴን ግን እንዲህ አክብራው አታውቅም። አባቴ ታናሽ ወንድሟ ነው፤ ቁልፍ ሠሪ ነው፤ ጠጪም ነው። እጁ እየተንቀጠቀጠ ቁልፍ መሞረድ ስለማይችል፣ እጁ እንዲረጋለት ገና በጠዋቱ ይጠጣ ነበር። ከዚያ ዓይኑን በጨው አጥቦ አልቀመስኩም ይላል። እሱ ሲናገር ሽታው ስለሚመጣ እኛ ፊታችንን እናዞራለን።

ትልቁ አጎቴ የሁለቱም ታላቅ ነው። የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ሆኖ ጡረታ ስለወጣ፣ ቤታችን ሲገባ ዛሬም የተሰለፍንለት ይመስለዋል። የአባቴ ነገር የአስተዳደግ ጉድለት ነው ይል ነበር። አክስቴ ደግሞ፣ ሁለታችሁን ያሳደገችው አንዲት እናት መሆኗን ረሳኸው እንዴ ትለዋለች። ቀጥላም ሆስፒታል ጠጪዎችንም የምታክመው የቤተ ሙከራው ኃላፊ ዶክተር ያስተማረቻትን ታወራለታለች። አንድ ዓይነት ምግብ በልተው፣ አንድ ዓይነት ሣጥን ውስጥ አድገው፣ አንዱ አይጥ ቀምሶ ሲተወው ሌላው ጠርሙሱ ሥር ይከርማል። በዘር የሚመጣ ነገር አለበት፤ ጭንቀትም ይጨምርበታል፤ መጠጡ ራሱም ሲቆይ አንጎልን ይለውጠዋል። አጎቴ፣ ወንድሜን ከአይጥ ጋር አታወዳድሪብኝ ብሎ ይቆጣል። አይጦቹም ቢሰሙ ቅር ይላቸዋል ትላለች እሷ።

በዚህ ዓይነት ሲነታረኩ ቆይተው፣ አንድ ቅዳሜ አጎቴ አባቴን መጠጡን ባንዴ ሊያስተወው ወሰነ። አባቴ የማይከፍተው ቁልፍ ስለሌለ በቁልፍ አልደከመም። ተኝቶ ሳለ የመኝታ ክፍሉን በር በሳንቃ ቸነከረበት። መስኮቱ ብረት አለው። ምግብና ውሃ ቀድሞ አስቀምጦለታል። እናቴ ስልችት ብሏት ስለነበር አልከለከለችውም። አጎቴ ይህን ያደረገው በክፋት አልነበረም፤ ወንድሙን ከልቡ ይወደዋል፤ ለዚህም ነው ማንም ያላስቆመው።

አክስቴ የመጣችው በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ነው። አጎቴ ሳሎን ተቀምጦ ያደረገውን በኩራት ነገራት። አባቴ ከውስጥ፣ ግድግዳው ላይ የሚርመሰመሱትን ጉንዳኖች አባርሩልኝ እያለ ይለምናል። ክፍሉ ውስጥ አንድም ጉንዳን አልነበረም። አክስቴ ይህን ምልክት ታውቀዋለች። ቤተ ሙከራው ውስጥ ለረጅም ጊዜ የጠጣ አይጥ መጠጡ ከተነሳበት ሣጥኑ ላይ ቀይ ካርድ ይንጠለጠልና ሰው አጠገቡ ይቀመጣል። አይጡ ይንቀጠቀጣል፤ ያንዘፈዝፈዋል፤ አንዳንዱም ይሞታል። ብዙ በጠጣ ሰው ላይም ይኸው ሊደርስ እንደሚችል ዶክተሯ ደጋግማ ነግራታለች።

"በሩን ክፈተው" አለችው።

"አንድ ሁለት ቀን ቢሠቃይ ይወጣለታል። አሁን ከተከፈተማ ልፋቴ ሁሉ ገደል ገባ።"

"ጋሼ፣ እኔ አይጥ እንኳ እንዲህ ብቻውን አልተውም። ይሞትብናል።"

አጎቴ ከወንበሩ ንቅንቅ አላለም። እሷ ከአባቴ የሥራ ሣጥን ጉጠት አውጥታ ሚስማሮቹን መንቀል ጀመረች። እናቴ አክስቴ የደወለችበትን ስልክ ጆሮዋ ላይ ይዛላት ነበር። በስልኩ ዶክተሯ፣ ብቻውን እንዳትተዉት፣ አሁኑኑ ሆስፒታል አምጡት ትላለች። በሩ ሲከፈት አባቴ ወለሉ ላይ ወድቆ እየተንዘፈዘፈ ነበር። ታክሲው ድረስ የተሸከመው አጎቴ ነው። መንገዱን ሙሉ ስለ አስተዳደግ አልተነፈሰም።

ሆስፒታል የሚያረጋጋ መድኃኒት ሰጡትና መጠኑን ቀስ በቀስ ቀነሱለት። ዶክተሯ እንደነገረችን፣ ድሮ እያንዳንዱ ሐኪም በመሰለው መንገድ ነበር የሚያክመው። ማኅበሩ ሐኪሞቹንና ተመራማሪዎቹን አንድ አዳራሽ ውስጥ ሰብስቦ፣ አንዱ የሌላውን ውጤት ሲያብጠለጥል ከርሞ፣ በስንት ጭቅጭቅ ሁሉም የሚሠራበት አንድ መመሪያ ወጣ። ስለ ጭቅጭቁ ስሰማ ቤተሰባችን ትዝ አለኝ፤ ልዩነቱ እነሱ መጨረሻ ላይ መስማማታቸው ነው። አባቴ ከዚያ በኋላ የመጠጥ ፍላጎትን የሚቀንስ ክኒን ተሰጠው፤ ከመሰሎቹ ጋር እየተቀመጠ መነጋገርም ጀመረ። አንድ ጊዜ ተመልሶ ጠጥቷል። በራሱ እግር ሄዶ ለዶክተሯ ነገራት፤ ሕክምናውም ቀጠለ።

ማኅበሩ በየዓመቱ የታማሚ ቤተሰቦችን የሚጋብዝበት እሁድ አለው። አጎቴ ከራባት አስሮ መጣና ፊተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጠ። አንድ ወጣት ተመራማሪ ስለ አንጎል ካስረዳ በኋላ፣ ቤተሰብ የሚወደውን ሰው ለማዳን ብሎ በር እንደሚዘጋበት፣ በዚያም የሞቱ እንዳሉ ተናገረ። ይሄኔ አጎቴ ብድግ አለ። አክስቴ ሊከራከር መስሏት ፊቷን በእጇ ሸፈነች።

"በር የቸነከርኩት እኔ ነኝ" አለ። "ወንድሜ ውስጥ ሆኖ ስሜን ይጠራ ነበር። እንዳልሰማው ብዬ የሬዲዮውን ድምፅ ከፍ አደረግኩት።"

አባቴ ከኋላ ሆኖ፣ "ሰምቼዋለሁ፣ ጋሼ። ዘፈኑም አይረባም ነበር" አለ።

ሰው ሁሉ ሳቀ። አጎቴ ግን በቆመበት እንደ ሕፃን አለቀሰ። አክስቴ ሄዳ ክንዱን ይዛ አመጣችውና ከአባቴ አጠገብ የነበረውን ወንበሯን ለቀቀችለት። ከዚያ አይጦቹ የሚበሉበት ሰዓት ደርሷል ብላን ወጣች። እሁድ እሁድ አይጦቹን የሚያበላው ሌላ ሠራተኛ ነው።