ሳይነገር የቀረው ሠላሳ ሦስት

ጠመኔ ሰሌዳ ላይ ሲፋጭ ከሰማሁ ዛሬም ጥርሴ ይጠርሳል። ወዲያው ኪርያት ማታሎን የነበረችው ያቺ ጠባብ ቢሮ ትመጣብኛለች፤ ከታች ካለው ጋራዥ የዘይት ሽታ ይገባባት ነበር።

ከጎንደር ወደ ቅድስቲቱ ምድር በመጣን በዓመቱ ነው። እኔና ታላቅ እህቴ የኮምፒዩተር ፕሮግራም አጻጻፍ ተምረን እዚያው ለመቀጠር ለቃለ መጠይቅ ተጠራን። የቀረው ቦታ ግን አንድ ነበር። ያላገኘችውን ሰጉላ የሚሉት የፋብሪካ ሰፈር ፈረቃ ይጠብቃታል። እኔ ያንን ወንበር እንደ ነፍሴ ፈልጌው ነበር።

ጠያቂው፣ እጅጌውን የሰበሰበ ችኩል ሰውዬ፣ ሁለታችንንም ጎን ለጎን አስቀመጠና ሰሌዳው ላይ ጻፈ፦ 2፣ 3፣ 5፣ 9፣ 17።

«ቀጥሎ የሚመጣው ስንት ነው? የቀደመች ትገባለች» አለን።

ጭማሪው እጥፍ እየሆነ እንደሚሄድ ወዲያው ታየኝ። ሠላሳ ሦስት ምላሴ ጫፍ ላይ ደረሰ። ግን እህቴ አጠገቤ ነበረች። አየሽ፣ እኛ ቤት ታላቅ ሳይናገር ታናሽ አፉን አይከፍትም፤ ውኃ እንኳ ቀድሜያት ጠጥቼ አላውቅም። እሷ እስክትናገር ጠበቅሁ። እሷ ጉልበቷን እያየች ዝም።

«ኑ፣ ባኖት?» አለ ሰውዬው፤ እንግዲህ ልጆች፣ ማለቱ ነው። ሰዓቱን አየ። ከዚያ «በሰደር»፣ እሺ በቃ እንደማለት፣ ብሎ ሰሌዳውን ጠረገና በሩን ከፈተልን።

አውቶቡስ መጠበቂያው ጋ ነፋሱ የብርቱካን አበባ ይሸት ነበር።

«ሠላሳ ሦስት ነበር እኮ» አልኳት።

«አውቄዋለሁ።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?»

«ቦታው አንድ ነው አላሉም? አንቺ ትግቢ ብዬ ነዋ። አንቺስ?»

«አንቺን ስጠብቅ።»

መጀመሪያ ሳቀች። ከዚያ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ያዘች። አውቶቡሱ ሲመጣ «ያላ፣ ግቢ» ብላ እኔን አስቀደመችኝ።

«ዝም አይነቅዝም» ይላሉ የኛ ሰዎች። የኛ ነቀዘ። ሁለታችንም ሰጉላ ገባን። እኔ ኋላ በማታ ትምህርት ወጣሁ፤ እሷ እዚያው አርጅታ አምና አረፈች። ያ ወንበር ለሷ ይገባት ነበር፤ እሱ ነው የሚቆጨኝ።

ዛሬ ሰው ጠይቆ ሳይጨርስ እመልሳለሁ። ልጆቼ «እማዬ፣ ምን ያስቸኩልሻል?» ይሉኛል። ምን ላድርግ፣ የምጠብቃት ታላቅ የለችኝ።