የፉርጎ ምሳ

አሥራት የሞተው በጥቅምት ነው። ድንኳኑ ሲነሳ፣ የእድሩ ወንበር ተቆጥሮ ሲመለስ፣ ለቀስተኛው አንድ በአንድ ሲበተን አትጠገብ አላለቀሰችም። ሰው «ጠንካራ ናት» አለ። ጥንካሬ እንዳልሆነ እሷ ታውቀዋለች። ብዙ ተቀምጠውበት እንደደነዘዘ እግር ነበር፤ አለ፣ ግን የራስ አይመስልም። ጠዋት ትነሳለች፣ ፊቷን ትታጠባለች፣ ቤቱን ትጠርጋለች። ቀኑ በምን እንዳለፈ ግን አታውቅም።

ባሏ ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ አንድ ነገር ብቻ ነው ያስቸገራት። «ፉርጎን አደራ» ይላል። ትወጣለች፣ ትገባለች፣ ደግሞ «ፉርጎን አደራ።»

ፉርጎ ድመቱ ነው። አሥራት አዲጋላ ባቡር ጣቢያ ጥበቃ በነበረ ጊዜ፣ ሐዲድ ላይ ቆሞ በቀረ ፉርጎ ውስጥ አንዲት ድመት ወለደች። ከልጆቿ አንዱን በጃኬቱ ኪስ ይዞት ጅግጅጋ ገባ። ባቡሩም ቀረ፣ የጥበቃው ሥራም ቀረ፤ ድመቱ ግን ይኸው አሥራ አምስት ዓመቱ። ጥርሱ ሳስቷል፣ አጥር መዝለል ትቷል፣ ሲተኛ ያንኮራፋል።

አትጠገብ የድመቱን ሆድ መከታተል የጀመረችው በጥር ነው፤ አንድ ጠዋት ምንጣፉ ላይ አስታወከ። ሌላ ሰው ጠርጎ ይተወዋል። እሷ ግን የአሥራት በሽታ ከሆድ እንደጀመረ አትረሳም። «ጋዝ ነው» እያለ ወራት አሳለፈ። በኋላ ሐኪሙ፣ «ምግብ የቀነሰው ከመቼ ጀምሮ ነው?» ብሎ ጠየቃት። ሠላሳ ዓመት ከአንድ ትሪ አብራው በልታ፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ አታውቅም። ያቺን ጥያቄ ሁለተኛ መስማት አትፈልግም።

ሃያ ስድስት ዓመት መዝገብ ቤት ሠርታለች፤ ጡረታ የወጣችው አሥራት ከመሞቱ ሁለት ወር ቀደም ብላ ነው። ስለዚህ የምታውቀውን አደረገች። ደብተር አወጣች፣ በማስመሪያ አሰመረች፣ በግራ «ገቢ»፣ በቀኝ «ወጪ» ብላ ጻፈች። ገቢው ጠዋት፣ ቀትርና ማታ የበላው ነው። ለወጪው ቢጫ የዘይት ጀሪካን በቁመቱ ሰንጥቃ፣ ጎረቤት ቤት ሲሠራ ከተረፈው አሸዋ ሞላችበትና ጓሮ በር ላይ አኖረችው። በየጠዋቱ በአሮጌ ማንኪያ አሸዋውን ገለጥ ታደርጋለች። ቅርጹን የያዘ ከሆነ «ደህና»፤ ከቀጠነ «ቀጭን»፤ ከደረቀ «እንደ ፍየል»። በሳምንት አንዴ ደግሞ በዘንቢል ይዛው ወደ ዋርሳሜ ሱቅ ትሄዳለች፣ ሚዛን ላይ ልታስቀምጠው።

«እትዬ አትጠገብ፣ በኪሎ ስንት እያሉ ነው?» ይላታል ዋርሳሜ።

«አንተን ጨምሬ ነው የምሸጠው፤ ዝም ብለህ መዝን።»

«ሦስት ኪሎ ከአራት መቶ። ከነኩራቱ።»

ትጽፈዋለች። ትሄዳለች። ሳቅ የሚባለው ነገር ከአፏ አካባቢ ደርሶ ይመለሳል።

መጋቢት ሁለት ቀን ዐቢይ ጾም ገባ። በዚያው ቀን ረመዳንም ገባ። በአትጠገብና በግድግዳ ጎረቤቷ በዴቃ መካከል ደግሞ ማንም ቁጭ ብሎ ያልተነጋገረበት የቆየ ልማድ አለ። አትጠገብ ስትጾም ቤቷ ሥጋ ስለማይገባ ፉርጎ ቀትር ላይ ግድግዳው ሥር ባለችው ቀዳዳ ሾልኮ ዴቃ ቤት ምሳውን ይበላል። ዴቃ ስትጾም ደግሞ ቀን ቀን እሳት ስለማይነድ ወደ አትጠገብ ይመጣል። ስለዚህ አትጠገብ ጠዋት እንጀራ በውሃ አርሳ ትሰጠዋለች፣ ቀትር ሲሆን ከቤት መውጣቱን ታያለች፣ ደብተሩ ላይም «ቀትር፦ ዴቃ ቤት» ብላ ትጽፋለች። ማታም እንደዚያው እዚያ አምሽቶ ይመጣል።

መጋቢት ስምንት፣ ወጪ፦ ደህና። ዘጠኝ፣ የለም። አሥር፣ አንዲት፣ እንደ ፍየል። አሥራ አንድ፣ የለም። አሥራ ሁለት፣ የለም። አሥራ ሦስት ቀን ከሰዓት በኋላ ፉርጎ ጀሪካኑ ውስጥ ገብቶ ጎበጠ፣ አማጠ፣ ምንም ሳይወጣው ቀረና ወጥቶ እግሯ ሥር ተዘረጋ። ድምፁ የድመት አይመስልም ነበር። አትጠገብ እጇን ጀርባው ላይ ስታደርግ አከርካሪው እንደ መቁጠሪያ ተቆጠረላት። ዋርሳሜ ጋ ወሰደችው። ዋርሳሜ በዚህ ቀን አልቀለደም። ሁለት ኪሎ ከስምንት መቶ።

በቀጥታ ወደ ዴቃ ሄደች። ዴቃ ለማፍጠሪያ ሳምቡሳ እየጠቀለለች ነው።

«አቦ፣ ምን ሆነሽ ነው እንዲህ የገረጣሽው?»

«ዴቃ፣ ፉርጎ ቀን ቀን አንቺ ጋ ምን እየበላ ነው?»

«እኔ ጋ?» ዴቃ እጇ አየር ላይ ቀረ። «ረመዳን አይደለም እንዴ? አንቺ ጋ ነው እንጂ የሚበላው!»

«እኔስ ሑዳዴ ላይ አይደለሁ? ቤቴ ያለው ሽሮና ዱባ ነው።»

ድመቱ ዘንቢሉ ውስጥ ሆኖ ሁለቱንም ያያል።

«ማታስ?» አለች አትጠገብ።

«ማታማ ልጆቹ አጥንት ይጥሉለታል። እሱንም ይቆረጥማል፣ ምን ያድርግ።» ዴቃ ሊጥ በነካው እጇ ግንባሯን መታች። «ዋላሂ፣ እኛ ስንጾም ጊዜ እሱን አስጾምነው! ያውም የሁለታችንንም ጾም!»

«አምናስ? አምናም እኮ ተደርበው ነበር። ካቻምናም።»

ዴቃ ሳምቡሳውን አስቀመጠች።

«አምናም ካቻምናም አሥራት ነበራ» አለች ቀስ ብላ። «አንቺ ቢሮ ነሽ። በግፊቱ መድኃኒት ምክንያት የንስሐ አባቱ አትጹም ብለውት የለ? ስድስት ሰዓት ሲሆን በጋዜጣ የጠቀለላትን ይዞ ጓሮ ደረጃው ላይ ቁጭ ይላል። እየቆረጠ ያበላዋል። በግድግዳው ላይ አየው ነበር። ታውቂያለሽ ብዬ ነው።»

አታውቅም ነበር። ነገሩ ገባት፤ ግን የሰው ደብዳቤ እንደማንበብ ነበር፣ ለሷ የተጻፈ አልመሰላትም።

የዴቃ ልጅ ኢቅራ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ናት። ቀኑን ሙሉ ግመልና ፍየል ስትወጋ ውላ አቧራዋን ይዛ ስትገባ ሁለቱን ሴቶች ዘንቢል መሃል አድርገው አገኘቻቸው።

«ኤዶ አትጠገብ፣» አለች፤ ከልጅነቷ ጀምሮ አክስቷን እንደምትጠራ ነው የምትጠራት፤ «ድመት አክሜ አላውቅም እኮ። ይቧጭረኛል።»

«ግመል አይነክስሽም?»

«ግመል ሲመጣ ይታያል።»

ቢሆንም እጇን ታጥባ ሆዱን በጣቶቿ ዳሰሰች፣ ድዱን ገለጥ አድርጋ አየች። ከዚያ ቀና አለች። «ምግብ የቀነሰው ከመቼ ጀምሮ ነው?»

አትጠገብ ደብተሩን ከፈተች። ጣቷ በገጹ ላይ ወረደ። ቀትር፦ ዴቃ ቤት። ቀትር፦ ዴቃ ቤት። አሥራ ሁለት ቦታ፣ በሚያምር እጅ ጽሑፍ፣ አንዱም ያላየችው። መጻፍ እንጂ ማየት አልነበረም።

«ከመጀመሪያው ቀን» አለች። «ከመጋቢት ሁለት።»

«ሆዱ በደረቀ ነገር ታጭቋል። ውሃም አንሶታል፣ አጥንቱም አለበት» አለች ኢቅራ።

«የግመል ወተት ስጡት!» አለች ዴቃ። «ወዲያው ይፈታዋል።»

«ሆዮ፣» አለች ኢቅራ እናቷን፤ «ወተት ያስቀምጠዋል፤ እንዲህ ከደከመ በኋላ ተቅማጥ ደግሞ ይገድለዋል። ዘይትም በግድ እንዳታጠጡት፣ ወደ ሳንባው ይገባል።» ከቦርሳዋ ግሉኮስ የሚመስል ከረጢት አውጥታ ከትከሻው ቆዳ ሥር ፈሳሽ ሰጠችው። እንደፈራችውም ቧጨራት። «ሥጋ የተቀቀለበት ውሃ፣ ጨውም ሽንኩርትም የሌለበት። ዱባ ቀቅላችሁ አንድ የሻይ ማንኪያ ደባልቁበት። ውሃ ሁለት ሦስት ቦታ አስቀምጡለት። ነገ እስከዚህ ሰዓት ካልወጣለት፣ ወይም ካስታወከ፣ ዝም ብላችሁ ቤት አታቆዩት፤ ክሊኒክ እንወስደዋለን። በዚህ ዕድሜው ግን...» አልጨረሰችውም።

«ዱባ አለኝ» አለች አትጠገብ።

በማግስቱ ስድስት ሰዓት ላይ ዴቃ መረቁን በኩባያ ይዛ መጣች። አትጠገብ ዱባውን በሹካ እየደፈጠጠች ነው።

«ጨው እንዳልነካው እርግጠኛ ነሽ?»

«አልጨመርኩም። ግን ድስቱ የማታው ነው። ቅመሺው እስቲ።»

«እኔ ሥጋ ልቅመስ? አንቺ ቅመሺ።»

«እኔ ውሃ እንኳ አልቀምስም!»

ተያዩ። ዴቃ ነች መጀመሪያ የሳቀችው። መጨረሻ ላይ አሸተቱት፣ በውሃ አቀጠኑት፣ ለፉርጎ አቀረቡለት። ሁለት የጾሙ ሴቶች በጠራራ ፀሐይ ጓሮ ደረጃ ላይ ቁጭ ብለው አንድ ሽማግሌ ድመት ሲልስ አዩት። መጀመሪያ አሸተተ። ዞር አለ። ተመልሶ ላሰ። ኩባያዋ እስክትጋመስ ላሰ።

ዴቃ ሶላቷን ልትሰግድ ሄደች። አትጠገብ ቀረች። ሰባት ሰዓት ሆነ። ፉርጎ ተነስቶ ጀሪካኑ ውስጥ ገባ፣ ጎበጠ፣ ወጣ። ምንም። ስምንት ሰዓት ሊሆን ሲል ደግሞ ገባ። አትጠገብ እንዳታስደነግጠው ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ጠበቀች። ድምፁን ሰማች፤ ከዚያ የአሸዋ ጭረት። ብዙ የአሸዋ ጭረት።

ማንኪያውን አነሳች። አንድ፣ ደረቅ፣ የአጥንት ስባሪ ያለበት። ከሱ ቀጥሎ ሁለት፣ ለስለስ ያሉ።

«ወጣ?» አለች ዴቃ ከግድግዳው ማዶ። ለካ ሶላቷን ጨርሳ ጆሮዋን ቀስራ ነበር።

«ወጣ።»

ዴቃ ሙሽራ የመጣ ይመስል እልልታዋን አቀለጠችው። መንገድ ላይ የነበረ ሰው ሁሉ ወደ ቤቱ ዞሮ አየ።

ኢቅራ ማታ «በየቀኑ ቀትር ላይ ትንሽ ትንሽ ቀይ ሥጋ ይፈልጋል» ስላለች፣ አትጠገብ በሚቀጥለው ቀን ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ሥጋ ቤት ወጣች። የክርስቲያኖቹ በጾሙ ዝግ ነው። ክፍት የነበረው የእስላሙ፣ የዐብዲጀባር ነው። እዚያ ሰልፍ ላይ ቆማ የደብሯ ሰው ማህደር በመንገዱ ስታልፍ አየቻት።

«እትዬ አትጠገብ! በሑዳዴ? ያውም እዚህ?»

«ለድመቱ ነው።»

«ድመቱ ትንሽ ቢታገስስ?»

«ታግሷል። አሥራ ሁለት ቀን።»

ተራዋ ደረሰ። ዐብዲጀባር ቢላውን እየሳለ በጥሞና አያት።

«እህቴ፣ የአሥራት ባለቤት አይደለሽም? የድመቱ ሰውዬ?» ፊቱ ፈካ አለ። «ሩብ ኪሎ፣ ቀይ፣ ጅማት የሌለው። ‹ጥርስ የለውም፣ ተጠንቀቅ› ይለኛል። ዘንድሮ ምነው ጠፋ? ደህና ነው?»

ለቅሶ ቤት ስንቱ ሰው «አረፈ» ሲል ሰምታለች። እሷ ግን ለማንም ነግራ አታውቅም፤ የሚመጣው ሁሉ አውቆ ነበር የሚመጣው።

«ሞቷል» አለች። «በጥቅምት።»

ዐብዲጀባር ቢላውን አስቀመጠ። «ኢና ሊላሂ» አለ። ከዚያ ለብዙ ጊዜ፣ ከኋላዋ ሰልፉ እስኪያጉረመርም፣ ጅማቱን አንድ በአንድ እየለቀመ ቆረጠላት።

ቤቷ ስትደርስ ሥጋውን ቀቀለች፣ ከተፈች፣ ጓሮ ደረጃው ላይ ተቀምጣ አበላችው። ከዚያ ደብተሩን ከፈተች። አሥራ ሁለቱን «ዴቃ ቤት» በማስመሪያ አንድ በአንድ ሰረዘቻቸው። ከታች፣ ለማስታወሻ ባስቀረችው «ምርመራ» በሚለው ቦታ፣ እንዲህ ብላ ጻፈች፦ «ከመጋቢት 2 እስከ 13 ቀትር ላይ አልበላም። ያበላው የነበረው አሥራት ነበር። አሥራት ሞቷል። ከዛሬ ጀምሮ እኔ ነኝ።»

ፉርጎ መጥቶ ገጹ ላይ ተቀመጠ። ቀለሙ አልደረቀም ነበር። አላስነሳችውም።