ቆርቆሮው ዝም ያለ ዕለት

የዛሬ ሁለት ወር ግድም ነው። ጠዋት ሦስት ሰዓት ሆነ፤ ከአባዬ ክፍል ምንም ድምፅ የለም...

አባዬ ሽሮ ሜዳ ያረጀ ሸማኔ ነው። ዕድሜውን ሙሉ አንድ ሰዓት ላይ ሥራው ላይ ቁጭ ይላል። ልጆች ሆነን ከእንቅልፋችን ስንነቃ መጀመሪያ የምንሰማው የመወርወሪያውን ድምፅ ነበር።

ያ ቀን አዲሱ ጣሪያ ከተገጠመ በኋላ የመጀመሪያው ጠዋት ነው። የጉለሌን መብራት መቼም ታውቁታላችሁ... በቃ ተውት። ስለዚህ የዛገውን ቆርቆሮ አስነስቼ፣ ሶላሩ አብሮት የተሠራ የጣሪያ ቆርቆሮ አስገጠምኩ። ሙቀትና ድምፅ እንዳያስገባ ከሥሩ ፎም አለው።

እውነቱን ለመናገር አሮጌው ሲወርድ ሆዴ ባባ። ድሮ በምስማር ቀዳዳው የምትገባው ፀሐይ ወለሉ ላይ ክብ ክብ ስትሠራ፣ እኔና እህቴ እሷን ለመርገጥ ስንሯሯጥ እንውል ነበር። ክረምት ደግሞ ዝናቡ ስለሚያደነቁር፣ እማዬ ነፍሷን ይማርና፣ ለምሳ የምትጠራን በእጇ ምልክት ነበር።

የዚያን ቀን ጠዋት ግን ክፉ ክፉው ነው የታሰበኝ። በሩን ከፍቼ ገባሁ።

ልብሱን ለብሶ፣ ጫማውን አድርጎ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብሏል።

«አባዬ፣ ምነው? አመመህ እንዴ?»

«ነጋ?» አለኝ።

ሦስት ሰዓት እንደሆነ ስነግረው ቀስ ብሎ አስረዳኝ። የድሮው ቆርቆሮ የጠዋት ፀሐይ ስታርፍበት መንጣጣት ይጀምራል፤ ጣ... ጣ... ይላል። እሱ የሚነሳው ያን ሰምቶ ነው። የመንገዱ ጫጫታማ ገና ሳይነጋ ስለሚጀምር አያምነውም። አዲሱ ጣሪያ ግን ምንም አላለውም።

«መስኮቱን አታይም?» አልኩት።

«መስኮቱንማ ካየሁት ቆየሁ።»

አጠገቡ ተቀመጥኩ።

ጥለት መሥራት ካቆመ ሁለት ዓመት አልፎታል። አሁን የሚፈለገው ነጭ ጋቢ ነው ሲለን አምነነው ነበር። ለካ የክሩን ቀለም መለየት አቅቶት ነው። ነጩን በእጁ እየዳሰሰ ይሠራዋል፤ ክር ቢበጠስ ጣቱ ያገኘዋል። ቤቱን እንደሆነ ዓይኑን ጨፍኖም ያውቀዋል። እኛም በልተን፣ ተጨዋውተን፣ ደህና እደር ብለነው እንገባለን።

ለምን እንደደበቀን ስጠይቀው፣ ካወቃችሁ የሽመና ዕቃዬን ታነሱብኛላችሁ ብዬ ነው አለ።

በዚያው ሳምንት ሆስፒታል ወሰድነው። የዓይን ሞራ ነው፣ በሁለቱም ዓይኑ፤ ግን ይወጣል ተባልን። መጀመሪያ ቀኙን ቀዶ ጥገና ተደረገለት። በማግስቱ ፋሻው ሲነሳ እኔና እህቴ ፊት ለፊቱ ቆመን ነበር። እህቴን አየና፣ እናትሽን መስለሻል ብሎ ትንሽ አለቀሰ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ... ቆየብኝ። እጁን ዘርግቶ ጭንቅላቴን ዳሰሰ።

«አንተ መቼ ነው እንዲህ የሸበትከው?»

ፀጉሬን ቀለም ልቀባው አስቤ ነበር... ትቼዋለሁ፤ እስኪጠግብ ይየው።