ዳኛው የሰጡኝ ልጅ

ይህ የሆነው በኢህአዴግ ጊዜ፣ ቦንጋ በአስተማሪነት ተመድቤ ሳለሁ ነው። ብዙ ዓመት አልፎታል። ዛሬም ግን የግቢዬን በር ስቆልፍ ትዝ ይለኛል፤ ያበሳጨኛልም።

አልማዝ ሰባተኛ ክፍል የማስተምራት ልጅ ነበረች። ቤተሰቦቿ ማንጆ ናቸው፤ ጫካ ዳር እየኖሩ ከሰልና እንጨት ይሸጣሉ። በአካባቢው ልማድ ማንጆ ሌላ ሰው ቤት አይገባም፣ በአንድ ዕቃም አይበላም። እኔ ከደብረ ብርሃን የመጣሁ ስለሆንኩ ነገሩን በወሬ እንጂ በዓይኔ አላየሁትም ነበር።

አንድ ቀን ቦኖ ላይ ውሃ ልትቀዳ ስትሰለፍ፣ አንዲት ሴት ጀሪካኗን በእግሯ አሽቀነጠረችባት። አልማዝም ድንጋይ አንስታ የሴትየዋን ግንባር ፈነከተች። ፖሊስ ያዛት።

ፍርድ ቤት ስትቀርብ ከትምህርት ቤት የሄድኩት እኔ ብቻ ነበርኩ። አባቷ ገጠር ስለነበር አልደረሰም። ዳኛው ደግ ሰው ናቸው። «የታመነ ሰው ከተገኘ እስከ ቀጠሮው እሱ ዘንድ እንድትቆይ አዝዛለሁ። ካልተገኘ ጣቢያ ትቆያለች» አሉ።

ሳላስበው «እኔ እወስዳታለሁ» አልኩ። ፈርሜ ተረከብኳት። እንዴት ደስ እንዳለኝ! ሕግ ከእኛ ጋር ነው ብዬ፣ እጇን ይዤ ወደ ቤት።

አከራዬ እትዬ አስካለ ወባ ሲይዘኝ እንደ እናት ያስታመሙኝ ሴት ናቸው። አልማዝን ሲያዩ በሩ መሃል ቆሙ።

«ቲቸር፣ አንቺ ልጄ ነሽ። እሷ ግን አትገባም።»

«እትዬ፣ ዳኛ እኮ ነው ያዘዘው!»

«ታዲያ ዳኛው ለምን የራሳቸው ቤት አይወስዷትም? እሷ ከገባች ነገ ጎረቤት ደጄን አይረግጥም። ብሞት ማን ይቀብረኛል?»

ለመንኩ፣ ተቆጣሁ፣ አለቀስኩ። ንቅንቅ አላሉም። ሌላ የሚከራይ ክፍል ፍለጋ ዞርን። እኔን «ግቢ፣ ግቢ» ይሉኛል፤ እሷን ሲያዩ ክፍሉ ተይዟል። ከእኔው አገር የመጣ ባልደረባዬ እንኳ «አከራዬ ያስወጣኛል» አለኝ። ዝናቡም ጀመረ።

አልማዝ ቀሚሴን ሳብ አደረገችና «ቲቸር፣ ጣቢያ ውሰጂኝ» አለች። «እዚያ በር ይከፍቱልኛል።»

ወሰድኳት። ተረኛው ፖሊስ በሩን ከፈተላትና ገባች።

በቀጠሮዋ ቀን አባቷ መጥቶ ተረከባት። ከዚያ ወዲያ ትምህርት ቤት አልመጣችም። መንደሯ ድረስ ብሄድ፣ ሌላ ጫካ ገብተዋል አሉኝ። የትኛው ጫካ እንደሆነ የሚያውቅ አላገኘሁም።

እትዬ አስካለን ልጠላቸው ሞክሬ አልሆነልኝም፤ እሱም ራሱ ያናድደኛል። ዛሬ የራሴ ቤት አለኝ። በሩን የምከፍተውም የምዘጋውም እኔ ነኝ። አልማዝን ግን ከየት ላምጣት?