የተዋስኩት መሐላ

ክፍሏ ቀድሞ የእህል ማከማቻ ሳትሆን አልቀረችም፤ ስገባ የገብስ አቧራ አስነጠሰኝ። መስኮት የላትም። የደብረ ብርሃን ብርድ ከወለሉ ተነስቶ አጥንት ይዘልቃል። እኔ ግን የማስበው ያሰረኝ ሻምበል ጠረጴዛ ላይ ስለቀሩት ቁርጥራጭ ወረቀቶቼ ነበር።

የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበርኩ። ለመመረቂያ ጽሑፌ አንኮበር አካባቢ ያሉ ጭሰኞችን ስለ ኑሯቸው ጠይቄ ያሉኝን ቃል በቃል ጻፍኩ። ከዚያ አስተማሪዬ እንዳሳየኝ ወረቀቱን ቆራርጬ ስለ መሬት ያሉትን ለብቻ፣ ስለ ባለመሬቱ ድርሻ ለብቻ፣ ስለ ፍርሃታቸው ለብቻ ከመርኩ። የማንንም ስም አልጻፍኩም። በዚያ ተማምኜ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ጠሩኝ። ሻምበሉ የእጅ ጽሑፌ አልነበብ ብሎት ጸሐፊ ከነጽሕፈት መኪናው አስቀምጧል።

«ለምን ቆራረጥከው? ምን ልትደብቅ?»

«ነገሩን ከነገሩ ለማነጻጸር ነው፣ ጌታዬ።»

«እኔ የምፈልገው ሰውየውን ነው። በል አንብብ፤ እሱ በመኪናው ይመታል።»

የመጀመሪያውን አነሳሁ። «ኡራኤልን! ባለመሬቱ መናገሬን ካወቀ ልጆቼን ይዤ የት እገባለሁ?»

ሻምበሉ ቀና አለ። «ኡራኤል? በዚያ በኩል የኡራኤል ደብር አንድ ብቻ ነው።»

ያኔ ገባኝ። የዚያ አገር ሰው የሚምለው በደብሩ ታቦት ነው፤ መሐላውን ስጽፍ አድራሻውንም ጽፌ ኖሯል። ሰውየው ፊቴ ድቅን አለ፤ አጥር ጥግ ተቀምጦ፣ ድምፁን ቀንሶ፣ መንገድ መንገዱን እያየ ነበር ያጫወተኝ። አፌ ደረቀ።

«መሐላው የእኔ ነው» አልኩ። «ሳነብ አምልጦኝ ነው። አዲስ አበባ ኡራኤል ሰፈር ነው ያደግኩት።»

ውሸቴን ነው፤ የጉለሌ ልጅ ነኝ።

ቀጣዩ ወረቀት «ሚካኤልን» ይላል፤ «ኡራኤልን» ብዬ አነበብኩ። «ማርያምን» የሚለውንም እንደዚያው። በዚያ ብርድ ላብ በጀርባዬ ይወርዳል። ወረቀቱን ነጥቆ በደንብ ቢያየው አለቀልን።

«ሁሉም በኡራኤል ነው እንዴ የሚምሉት?»

«የማነበው እኔ ነኛ፣ ጌታዬ።»

«እንግዲያው ነገሩም ያንተ ነው። ገበሬ ምንም አላለም፤ ሁሉን ያልከው አንተ ነህ።»

ምን እንደሚከተል አውቃለሁ። ፈራሁ፤ እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም።

«አዎ፣ የእኔ ቃል ነው።»

ጸሐፊው መታው። ፈረምኩ። ፊርማው የሌላ ሰው ይመስል ነበር።

ከዓመታት እስር በኋላ ስፈታ ያንን ሰው ማንም እንዳልጠራው ሰማሁ። እኔም አስተማሪ ሆንኩ። ቃለ መጠይቅ ለሚተነትኑ ተማሪዎቼ «ስሙን ብቻ ሳይሆን መሐላውንም ሰርዙ» እል ነበር፤ ለምን እንደሆነ ነግሬያቸው አላውቅም። አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። በር በኃይል ሲንኳኳ ግን ዛሬም አፌ ይደርቃል።

ከዚያን ቀን ወዲህ የምምለው በኡራኤል ነው። ባለቤቴ፣ እሷም የጉለሌ ልጅ ናት፣ «ያንተ ደብር መቼ ሆነና?» ትለኛለች።

«አንድ ሰው አውሶኝ ነው» እላታለሁ።