ሞተር ሰቅለን «እጅ ወደ ላይ!»

ከትናንት ወዲያ ጠዋት ግቢያችን ውስጥ ሞተር ከዛፍ ላይ ሰቅለን ነበር... አዎ፣ የመኪና ሞተር።

ባለቤቴ ሸምሱ እዚህ ቡታጅራ ለአንድ አረብ ነጋዴ ሾፌር ነው። መኪናዋ ጣሊያን ይዟቸው ከገባቸው የጦር መኪኖች አንዷ ናት፤ አርጅታ ስትጣል ነጋዴው ገዛት። አራቱም ጎማዋ ስለሚጎትት ጭቃ አትፈራም። የሸምሱ ታናሽ እህት ሩቂያ ልትዳር ነውና፣ ከኬላ ማዶ ወዳለው የሙሽራው ቤት በዚችው መኪና እንድትሄድ ነጋዴው ፈቀደልን። ሰፈሩ ሁሉ በደስታ አበደ!

ችግሩ መኪናዋ ትንቀጠቀጣለች። ቀላል መንቀጥቀጥ እንዳይመስላችሁ... በቀደም ከገበያ ያሳፈራቸው ሴትዮ ከወረዱ በኋላም ጥርሳቸው ይንገጫገጭ ነበር። ሞተሩ የሚቀመጥባቸው የጎማ ንጣፎች ተበልተው አልቀው ብረት በብረት ላይ ተቀምጧል።

«በዚህ አያያዟ ሩቂያን ብጭናት ሙሽራ ሳይሆን የተናጠ ወተት ነው የማደርሰው» አለ ሸምሱ።

መለዋወጫ ከየት ይመጣል? ከተጣለ የመኪና ጎማ በቢላ እየቆረጠ፣ እየደራረበ፣ ልክ ልካቸውን ሠራ። አሁን የቀረው ሞተሩን ትንሽ ብድግ ማድረግ ነው። ከስር በክሪክ እንዳይነሳ ደግሞ የፊት ጎማዎቹን የሚያዞረው ብረት መንገዱን ዘግቶታል። እንግዲያው ከላይ! መኪናዋን ዋንዛው ዛፍ ስር አስጠጋትና ሞተሩን በወፍራም የቃጫ ገመድ አሰረው። ገመዱን በቅርንጫፉ ላይ አሳልፎ ጫፉን ለእኔና ለጎረቤቱ ሁሉ አስያዘን።

ጎረቤታችን እማ ድንቄ አርጅተዋል፤ ግን ማን ሊያስቆማቸው! ከእኔ ጎን ገመዱን ጨብጠው «በሉ ሳቡ!» ሲሉ እኛ «ሆ!» እያልን ሳብን። ሞተሩ ስንዝር ያህል ተነሳ። ሸምሱ ከስር ገባ።

«እንዳትለቁ!» አለ ከታች። «እጄ መሀሉ ውስጥ ነው!»

ይኼኔ የአጥሩ በር ብርግድ አለ... ጠመንጃ የደገነ የጣሊያን ወታደር፣ ከኋላው አስተርጓሚው።

ሰው ተሰብስቦ ሲጮህ ከተገኘ ምን እንደሚከተል ታውቃላችሁ። የእኛ ደግሞ ጩኸት ብቻ አይደለም፤ ዛፍ ላይ ገመድ ጥለናል። ወታደሩ ዓይኑን አፍጥጦ አንድ ነገር አምባረቀ።

«እጅ ወደ ላይ ይላል!» ብሎ ጮኸ አስተርጓሚው።

ማን ያንሳ? እጃችንን ብናነሳ የሸምሱ እጅ ሊደቅ ነው። ባናነሳ ጥይት... አፈሙዙ ወደ ደረቴ ዞረ።

«አልችልም!» አልኩ። «ባሌ ከስር ነው ያለው!»

ወታደሩ አልገባውም፤ አሁንም አምባረቀ። በዚህ መሀል እማ ድንቄ፣ ገመዳቸውን እንደጨበጡ፣ ወደ አስተርጓሚው አንገታቸውን መለስ አደረጉና...

«ልጄ፣ ንገርልን እስቲ። እሱ ገመዱን ይያዝልንና እኛ እጃችንን እናነሳለን።»

አስተርጓሚው ምራቁን ውጦ ነገረው። ወታደሩ ጎንበስ ብሎ መኪናዋ ስር ሲያይ ሁለት እግሮች ተዘርግተዋል። ሸምሱም ከታች «ፒያኖ! ፒያኖ!» ይላል። ከጣሊያንኛ የሚያውቃት እሷን ብቻ ነው፤ ቀስ በሉ ማለት ናት።

ወታደሩ እኛን አየ። ገመዱን አየ። ጠመንጃውን አነገተና... መጥቶ ገመዱን ያዘ!

አሁን ነው ጉዱ። ከኋላ የነበሩት ሁለት ጎረቤቶቻችን ሰውየው ያዘልን ብለው እጃቸውን ወደ ላይ ሰቀሉ። ገመዱ ሸተት ሲል ጣሊያኑ ወደፊት ተስፈንጥሮ እማ ድንቄ ላይ ሊወድቅ! ፊቱ በርበሬ መስሎ ጮኸ።

«እጅ ወደ ታች!» አለ አስተርጓሚው እየሮጠ። «እጅ ወደ ታች ይላል! ያዙ!» ራሱም ገመዱ ላይ ተንጠለጠለ።

ሁላችንም ተረባርበን ሳብን። ደግነቱ የሸምሱን እጅ ምንም አልነካውም። ትንሽ ቆይቶ «ገብቷል! አውርዱ!» ሲል እኛም፣ ጣሊያኑም፣ አስተርጓሚውም አብረን ቀስ እያልን አወረድነው።

ብሎኑን አጠባብቆ ሞተሩን ሲያስነሳው... ሱብሃነላህ! መኪናዋ ቆማ የምታንጎራጉር ነው የምትመስለው። ወታደሩ እንኳ ክዳኑን በመዳፉ ነካ አድርጎ ፈገግ ሊል ምንም አልቀረው። ወዲያው ማንነቱ ትዝ አለው መሰለኝ፣ ፊቱን አጨፈገገ።

«ሁለተኛ እንዳትሰበሰቡ ይላል» አለን አስተርጓሚው። ሄዱ።

አጥሩን እስኪያልፉ ነጠላችንን ነክሰን ቆየን። ከዚያ ግን ሳቅ መሬት ላይ ጣለን። ሸምሱ ምንም አላየማ! እጁን በጨርቅ እየጠረገ ጠየቀን።

«ከእግራችሁ መሀል ያ ቦት ጫማ ያደረገው ማነው? እንዴት አድርጎ ይስባል!»

ትናንት ሩቂያን ዳርናት። ሙሽራ እያለቀሰች ነው መግባት ያለባት፤ የሙሽራው ዘመዶችም እንባዋን ለማየት ደጅ ተሰልፈው ይጠብቃሉ። መኪናዋ ግን ጭቃውን እንደ ጀልባ እየቀዘፈች ስትወስደን፣ የስንት ቀን ድካም ያለባት ልጅ ትከሻዬ ላይ ጭልጥ ብላ ተኛች። ስንደርስ ቀስቅሼ አወረድኳት። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት አፏን በሰፊው ከፍታ አዛጋች።

የሙሽራው እናት ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «ምነው፣ ልጅቷ አታለቅስም እንዴ?» አሉኝ።

«እንቅልፏን ትጨርስና ታለቅሳለች» አልኳቸው።